ምህረቴ ብሩንዲን የመረጠበት ሰኞ

ምህረቴ ወገኔ ቀርከሃ ከመቁረጡ በፊት አንጓውን በጣቱ መታ መታ አድርጎ ያዳምጣል። ሦስት ዓመት ያልሞላው ቀርከሃ ድምፁ እርጥብ ነው፤ ተሰንጥቆ ወንበር ቢሆንም በዓመቱ ነቀዝ ይገባበታል። ከላይ ሲያዩት ደህና ነው፤ ቫርኒሹ ያበራል። አንድ ጠዋት ግን ከእግሩ ሥር ነጭ ዱቄት ይገኛል፤ ያን ጊዜ ወንበሩ ካለቀለት ቆይቷል። ከምህረቴ እጅ እንዲህ ያለ ወንበር ወጥቶ አያውቅም። ከተማችን ቆሰበር ውስጥ እሱ የሠራው ላይ የተቀመጠ ሁሉ ይህን ይመሰክራል።

እኔ ነጋ እባላለሁ፤ ብረት በያጅ ነኝ። የብየዳ ቤቴና የቀርከሃ ሠሪዎች ማኅበር ግቢ አንድ አጥር ይጋራሉ። የሙያ ሥልጠና የወሰድነውም አብረን ነው፤ እሱ በእንጨት፣ እኔ በብረት። ከዚህ በታች የምጽፈው ያየሁትንና አጠገቡ ቆሜ የሰማሁትን ነው።

በ2007 ዓ.ም. ጥር ወር ለማኅበሩ ደብዳቤ መጣ። የቀርከሃ ሥራ የሚያስፋፋ አንድ የውጭ ድርጅት ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ አንድ ለሩዋንዳ፣ አንድ ለብሩንዲ። አንድ ዓመት የአገሩን ወጣቶች ያሠለጥናሉ፤ ሲመለሱ እያንዳንዳቸው የቀርከሃ መሰንጠቂያ ማሽን ያገኛሉ። ሁለቱ ሰዎች የግድ ከአንድ ማኅበር መሆን አለባቸው። አንዱ ከቀረ ዕድሉ እንዳለ ለሌላ ከተማ ማኅበር ያልፋል። ማን የት እንደሚሄድ ማኅበሩ ራሱ ወስኖ በየካቲት የመጨረሻው ሰኞ ስም ይልካል።

ማኅበሩ ምህረቴንና ሕይወትን መረጠ። ሕይወት ሃያ አራት ዓመቷ ነበር። እንደ እሷ አቅጥኖ የሚሰነጥቅ እጅ በግቢው ውስጥ አልነበረም፤ ከምህረቴ ሌላ። ምህረቴ የአባቷ ሚዜ ነው። አባቷ ሲሞት አሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር፤ በአሥራ አምስት ዓመቷ ወደ ግቢው አምጥቶ ገጀራ ያስያዛት እሱ ነው። ሴት ልጅ ገጀራ ይዛ ምን ልትሆን ነው ያሉትን ሰዎች መልስ ሳይሰጥ አለፋቸው። ማሽኑን ብታገኝ የራሷን ቤት ትከፍታለች፤ ካላገኘች በሌላ ሰው ግቢ በቀን ሥራ ትቀጥላለች። ይህን ሁላችንም እናውቃለን፤ እሷም ታውቀዋለች።

ታላቅ ስለሆነ ቀድሞ አገር የመምረጡ መብት ለምህረቴ ተሰጠ። ሌላ ሰው ቢሆን በዕጣ ይጨርሰው ነበር። እሱ ግን የወንበር ልኬት የሚጽፍበትን ደብተር አውጥቶ ገጹን በማስመሪያ ለሁለት ከፈለው። በግራ ሩዋንዳ፣ በቀኝ ብሩንዲ። ከዚያ ወደ ታች ሰላም፣ ቤት፣ ውሃ፣ መብራት፣ ሐኪም ቤት፣ እህል፣ አየር፣ ቤተ ክርስቲያን፣ የቀርከሃ ቅርበት፣ የሰው ጠባይ እያለ አሥራ ሁለት ነገር ደረደረ።

የሩዋንዳን ዓምድ ለመሙላት ሕይወት ኢንተርኔት ቤት ሄዳ እያነበበች ትመጣለች።

“ጋሼ፣ እዚያ ፌስታል መያዝ ክልክል ነው። ሲገቡ ፈትሸው ይወስዱብዎታል።”

“ታዲያ ሽንኩርት በምን ይያዛል?”

“በወረቀት። ደግሞ በወር አንድ ቅዳሜ አገሩ በሙሉ መንገድ ይጠርጋል።”

“ሚኒስትሩም?”

“ሚኒስትሩም መጥረጊያ ይይዛል አሉ።”

ምህረቴ ጻፈ፤ ‘ንጹሕ። ጥብቅ። ኑሮ ውድ።’

ሰላም በሚለው ፊት ግን ከኢንተርኔቱ ያመጣችውን አልጻፈም። የጻፈው የግቢያችን ጥበቃ ጋሽ አስማረ የነገሩንን ነው። ጋሽ አስማረ ወታደር ነበሩ፤ በ1986 መጨረሻ ላይ ለሰላም ማስከበር ሩዋንዳ ደርሰዋል። ስለዚያ አያወሩም። የዚያን ቀን ግን ምህረቴ ሦስት ጊዜ ስለጠየቃቸው ዱላቸውን አጥሩ ላይ አስደግፈው እንዲህ አሉ፤

“ከአንድ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ጫማ ለቀምን። ሙሉ ቀን ጫማ። አብዛኛው ከመዳፍህ አይበልጥም።”

“አሁንኮ አልፏል ይላሉ፤ አገሩ ተለውጧል” አለ ምህረቴ።

“ይበሉ። እኔ እዚያ አገር አላድርም።”

ምህረቴ በግራው ዓምድ ‘ያስፈራል’ ብሎ ጻፈ።

ለብሩንዲ ሰው ተገኘ። ሽባባው የሚባል የዳንግላ ልጅ በሾፌርነት ሄዶ ቡጁምቡራ የመኪና ዕቃ ሱቅ ከፍቷል፤ ዘጠኝ ዓመት ኖሯል። ሚስቱ ውብአየሁ ዳንግላ ናት። ስልክ ቁጥሩን ከእሷ ተቀብለን አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ከእኔ ቤት ደወልን፤ ከቆርቆሮው ጎን ቆመው ሲናገሩ ኔትወርክ ስለሚይዝ ነው። ምህረቴ ሁላችንም እንድንሰማ ድምፁን ከፈተው።

“ጤና ይስጥልኝ። ምህረቴ እባላለሁ፤ ከቆሰበር።”

“አቤት፣ እንደምን አሉ? ከአገር ስልክ ሲመጣ እንዴት ደስ ይላል።”

“ይመስገን። እርስዎ ደህና? ሥራው እንዴት ይዞዎታል? አገሩ ሰላም ነው?”

“ሰላም ነው፣ እግዜር ይመስገን። እናንተስ? አገሩ ሰላም ነው? ከብቱ፣ ዝናቡ?”

“ሰላም ነው፣ ይመስገን። ዝናቡ ገና ነው።”

ምህረቴ ደብተሩን ጉልበቱ ላይ አድርጎ በቀኙ ዓምድ በመጀመሪያው መስመር ‘ሰላም ነው’ ብሎ ሲጽፍ በዓይኔ አየሁ። ከዚያ ወደ ቤቱ፣ ወደ ውሃው፣ ወደ እህሉ ሄደ። ሽባባው ሁሉንም መለሰ። ማሠልጠኛው ግቢ ውስጥ ለአሠልጣኝ መኖሪያ ቤት አለ። ሐይቁ ከከተማው እግር ሥር ነው፤ ወዲያ ማዶው ሌላ አገር ነው። ሙዝ፣ ቦሎቄ፣ ዓሣ በሽ ነው። ሰው አይቸኩልም። ብርድ የሚባል ነገር የለም፤ ብርድ ልብስ ገዝቶ አያውቅም።

ሕይወት ይህን ስትሰማ ሳቀች። ቆሰበር ላይ በሐምሌ ጉም ቤት ውስጥ ይገባል፤ እጇ ደንዝዞ ቢላ ስንት ጊዜ እንደጣለች ታስታውሳለች።

ከአሥራ ሁለቱ በዘጠኙ ብሩንዲ በለጠ። ምህረቴ ደብተሩን ዘጋ።

“ሕይወት ብሩንዲ ትሂድ። ሩዋንዳውን እኔ እችለዋለሁ።”

“ጋሼ፣ መብቱኮ የእርስዎ ነው። ሐይቁን ትተው መጥረጊያ ሊይዙ?”

“መጥረጊያ መያዝ አልጠላም።”

ለእሱ ነገሩ አለቀ። የሚዜውን ልጅ ከሁለቱ የተሻለው ቦታ አስቀመጣት። ማኅበሩም ደስ አለው፤ ጋሽ አስማረ ሳይቀሩ ትከሻውን መታ አደረጉት።

ስም ሊላክ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ቅዳሜ፣ እኔና ምህረቴ ዳንግላ ሄድን። ውብአየሁ ለባሏ በርበሬና ሽሮ በሕይወት በኩል ልትልክ ስለፈለገች ነበር። ከመናኸሪያው በጋሪ ቤቷ ደረስን። ቅመም የምትሸጥባት ትንሽ ሱቅ ከቤቷ ፊት ናት። የተዘጋጀውን አወጣችልን፤ በላስቲክ የታሰረች ሁለት ኪሎ የማትሞላ ነገር ናት።

ምህረቴ በእጁ መዘናት። “ይቺ ብቻ? ልጅቱ ሻንጣዋ ቦታ አለው። ጨምሪበት እንጂ።”

“ብዙ አትላኪ ብሎኛል። ከፋሲካ በኋላ ይመጣል።”

“ለጥየቃ?”

“ጠቅልሎ” አለች። የሚዛኑን ሳህን በቀሚሷ ጫፍ እየጠረገች ነበር።

“ዘጠኝ ዓመት የከፈተውን ሱቅ?”

“ዕቃውን እየሸጠ ነው። ድሮ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ነበር የሚዘጋ። አሁን በአሥራ አንድ ሰዓት፣ ፀሐይ እያለ ይዘጋል። ሰፈሩ በሙሉ እንደዚያ ነው አለኝ። አከራዩ ልጆቹን ድንበር አሻግሮ ለእናቱ ወገኖች ሰጥቷል። ጠዋት ጠዋት ጎረምሶች ተሰልፈው እየዘፈኑ ይሮጣሉ፤ ሲያልፉ ሰው መስኮት ይዘጋል። የሚሉት ምን እንደሆነ ጎረቤቱን ቢጠይቀው፣ አልሰማሁም አለው። ከፊቱ ቆሞኮ ነው። ምርጫ እየመጣ ነው ይላል።”

ምህረቴ ላስቲኩን ቀስ ብሎ ሚዛኑ ላይ መለሰው። “እኔ ጠይቄዋለሁኮ። ራሱ፣ በአፉ፣ አገሩ ሰላም ነው ብሎኛል። ጽፌዋለሁ።”

ውብአየሁ ቀና ብላ አየችው። የቀለደ መስሏት ነበር፤ ፊቱን ስታይ ተወችው።

“አገሩ ሰላም ነው ወይ ብለው ሰላምታ አቀረቡለት። ምን ይበልዎት ታዲያ? ከማያውቀው ሰው ጋር በስልክ፣ ደህና አይደለሁም ይበል? እርስዎስ ምን አሉት?”

ምህረቴ ምን እንዳለው እኔ አስታውሳለሁ። በዚያው ሳምንት አንዲት ላም ሞታበት፣ ሚስቱ ደጊቱም ወገቧን አሟት ተኝታ ነበር። ሰላም ነው፣ ይመስገን፣ ነው ያለው።

“እኔ እንደዚያ አልጠይቀውም” አለች ውብአየሁ። “ዛሬ በር በስንት ሰዓት ዘጋህ ነው የምለው።”

በሚኒባሱ ስንመለስ እስከ አዲስ ቅዳም ድረስ ሲቆጥር መጣ። ምህረቴ ሲጨንቀው በአዊኛ ይቆጥራል፤ እኔ አዊኛ አልሰማም፣ ቁጥሩን ግን ለይቼዋለሁ። እየደጋገመ እስከ አሥራ ሁለት ይሄድና ከአንድ ይጀምራል።

“ደብዳቤውን እንመልስ። ሁለታችሁም ቅሩ” አልኩት።

“እሷስ?”

“ትቅር። ማሽን ከነፍስ ይበልጣል?”

“አንተ ብረት ቤት አለህ፤ ለዚህ ነው እንዲህ የምትል።” ወደ እኔ ዞሮ፣ “ሩዋንዳ ያለው የሃያ ዓመት ወሬ ነው። የብሩንዲው የዛሬ ነው። እሷ ሩዋንዳ ትሂድ፣ እኔ ብሩንዲ እሄዳለሁ” አለ።

“እሺ፣ ንገራትና ተለዋወጡ።”

“ከነገርኳት እምቢ ትላለች። በእኔ ፈንታ እርስዎ አይሄዱም ትላለች፤ አታውቃትም? እሷ ባትል እናቷ ትሰማና ሁለቱም አገር ክፉ ነው ብላ ታስቀራታለች። አንዱ ከቀረ ደግሞ ሁለቱም ቀረ።”

“ደጊቱስ?”

“ደጊቱ ከሰማች የምሄድ ይመስልሃል?”

መኪናው ቆሰበር ሲገባ እጄን ያዘኝ። የምህረቴ መዳፍ እንደ ሞረድ ነው።

“የዳንግላውን አንተና እኔ ብቻ ነን የሰማነው። አፍህን ዝጋ።”

ዘጋሁ። እስከ አሁንም ትክክል መሆኔን እርግጠኛ አይደለሁም።

ሰኞ ጠዋት አባላቱ ግቢው ውስጥ ተሰበሰቡ። ጸሐፊው ወረቀቱን አውጥቶ፣ “ሕይወት፣ ብሩንዲ። ምህረቴ፣ ሩዋንዳ። እንዳለ ልላከው?” አለ።

“ገልብጠው” አለ ምህረቴ።

“እንዴት?”

“ብሩንዲ እኔ ልሂድ። መብቱ የእኔ አይደለም እንዴ?”

አንዱ ከኋላ ሊስቅ ጀምሮ ተወው። ሕይወት የያዘችውን ስንጥቅ ቀርከሃ መሬት አስቀመጠች።

“ሐይቁ አማረዎት ጋሼ?”

“አየሩ። ዕድሜዬም እየገፋ ነው፤ ብርዱ ጉልበቴን ይዞኛል።”

“ሩዋንዳን ያስፈራል ብለው የጻፉት እርስዎ አይደሉም? ደብተርዎ ላይ አንብቤዋለሁ።”

“ጽፌያለሁ።”

“እንግዲህ እኔ ልፍራ” አለች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። “አባቴ ሚዜውን አሳምሮ መርጧል።”

ምህረቴ ጸሐፊውን ነበር የሚያየው። “ጻፍ እንጂ” አለው።

ጋሽ አስማረ ከበሩ ሆነው ሰምተዋል። ከዚያ ቀን በኋላ ምህረቴ ሲገባና ሲወጣ በሩን ይከፍቱለታል፤ ሰላምታውን ግን አይመልሱም። አንድ ጊዜ ለእኔ፣ “ልጅቱን ወደዚያ አገር ገፍቶ እሱ ዓሣ ሊበላ” አሉኝ። እኔ ወደ ብየዳዬ ተመለስኩ። ማኅበሩ ለስንብት ባዘጋጀው ጠላ ላይ ሕይወት ከምህረቴ ትይዩ ተቀምጣ አንድ ቃል አላናገረችውም። እሱ ግን ቢላዋን ወስዶ ስሎላት፣ ስለቱን በጨርቅ ጠቅልሎ ከሻንጣዋ አጠገብ አስቀመጠው።

ያልተታለለችው ደጊቱ ብቻ ናት። አንድ ቀን ጃንጥላ ላስበይድ ብላ መጥታ፣ “ነጋ፣ ይሄ ሰውዬ ሙቀት እንደማይወድ አንተ አታውቅም?” አለችኝ። “ባሕር ዳር ሁለት ቀን አድሮ ራሴን አመመኝ ብሎ የተመለሰ ሰው ነው።”

“ጉልበቱ ነው እኮ” አልኳት።

“ጉልበቱ። ትናንት ከጫካ ሃያ ቀርከሃ ተሸክሞ በእግሩ የመጣው በማን ጉልበት ነው?”

ጃንጥላውን በየድኩላት። የብየዳ መነጽር ሳላወልቅ ነው ያነጋገርኳት።

በመጋቢት አጋማሽ ሁለቱም ሄዱ። በወሩ መጨረሻ ምህረቴ ደወለ። ቀርከሃው ረጅም ነው፣ ሥጋው ግን ስስ ነው፤ ልጆቹ ጎበዞች ናቸው፣ አሥራ ስምንት ተማሪ አለው አለ። እኔ ሰላም ነው ወይ አላልኩትም።

“በር በስንት ሰዓት ትዘጋላችሁ?”

“በአሥራ አንድ” አለ።

ከፋሲካ በኋላ ሲደውል ተማሪዎቹ አሥራ አንድ ሆነዋል። የቀሩት የት እንደሄዱ ጠየቅሁት፤ ‘ወደ ዘመድ’ አለ። በር በአሥር ሰዓት ይዘጋል። በዚያው ሰሞን ሽባባው ጠቅልሎ ዳንግላ ገባ፤ ውብአየሁ በሰው ላከችብኝ። ምህረቴን አብረን እንውጣ ብሎት ነበር። ተማሪ ይዣለሁ፣ ውሌም አላለቀም፤ ውሉን እኔ ባፈርስ የእሷም ይፈርሳል ብሎ መለሰለት። እንዲያ ስለመሆኑ ውሉን አላየሁም። ምህረቴ ግን ያነበበውን ወረቀት አይረሳም።

በሚያዝያ ሃያዎቹ መጀመሪያ ለሦስተኛ ጊዜ ደወለ። ድምፁ ቀርቦ ይሰማል፤ ከበስተኋላው ምንም የለም፣ መኪና የለም፣ ሰው የለም።

“በር?” አልኩት።

“ዛሬ አልተከፈተም። ሕይወት ደህና ናት?”

“ደህና ናት። መንገድ ጠረገች አሉ።”

“ጎሽ” አለ፤ መስመሩም ተቋረጠ። ከዚያ በኋላ ስልኩ አይጠራም።

በግንቦት የመጀመሪያው ሳምንት ራዲዮው ቡጁምቡራ ውስጥ ተኩስ እንዳለና አውሮፕላን ማረፊያው እንደተዘጋ ተናገረ። ጋሽ አስማረ ራዲዮውን ይዘው ከበሩ ወደ እኔ ቤት መጡ። ቆሙ። ሊጠይቁኝ የፈለጉትን ሳይጠይቁ ተመለሱ።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ሕይወት ደወለች። እሷ ያለችበት ከተማ ደቡብ ሩዋንዳ ነው፤ ከብሩንዲ ድንበር ሩቅ አይደለም።

“ጋሼ ነጋ፣ ሰው እየገባ ነው” አለችኝ። “በአውቶቡስ፣ በእግር። ፍራሽ በራሱ ላይ የተሸከመ አለ። ከጋሽ ምህረቴ ማሠልጠኛ የመጣ አንድ ልጅ አገኘሁ። ቢላ የሚይዘው እንደ እርሳቸው ነው፣ ወዲያው ነው ያወቅሁት። አስተማሪያችን ቀድመን እንድንወጣ ነግሮን እሱ ቀረ አለኝ። ለምን ቀረ ብዬ ብጠይቀው፣ አልገባኝም አለ።”

ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዞርኩት።

“ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ጋሽ ምህረቴ ቀድመው ያውቁ ነበር?”

እንደማላውቅ መናገር እችል ነበር። ሁለት ወር ሙሉ የያዝኩት ነገር ነው፤ ትንሽ ብጨምርበት አይከብድም። ግን ልጅቱ ከልጁ ላይ የቢላ አያያዝ አይታ የጠየቀችኝ ነው፤ ለእንዲህ ያለ ሰው የማይሆን ነገር አይነገርም።

“ያውቅ ነበር” አልኳት።

ከኋላዋ ብዙ ሰው በማላውቀው ቋንቋ ያወራል፤ ሕፃን ያለቅሳል።

“ከመቼ ጀምሮ?”

“ስሙ ከመላኩ ሁለት ቀን በፊት።”

“ነገ ድንበሩ ጋ እሄዳለሁ። በየአውቶቡሱ እያየሁ እጠይቃለሁ።”

“ድንበሩን እንዳትሻገሪ። ሰምተሻል? ከሩዋንዳው ወገን ሆነሽ ጠይቂ።”

“እሺ” አለች። የሕይወትን እሺ አውቀዋለሁ፤ እምነት የሚጣልበት አይደለም። ደግሜ ልናገራት ስል ካርዷ አለቀ።

ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አድርጌ ስዞር ደጊቱ በሩ ላይ ቆማለች። ከመቼ ጀምሮ እንደቆመች አላውቅም። ነጠላዋን አልለበሰችም፤ የራዲዮውን ወሬ ከጎረቤት ሰምታ እንዳለች በቀጥታ ነው የመጣች።

“ምኑን ነው ያወቀው?” አለችኝ።

ብየዳውን ከመብራት ነቀልኩት። ዱካ አቅርቤ፣ ተቀመጪ ብዬ፣ ከዳንግላው ቅዳሜ ጀመርኩላት።